ከብረት ሣጥኑ እስከ እናታችን ሻንጣ፦ አሮጌ የፖስታ ሣጥኖች ምን ያስታውሱናል?

ሀደራ ውስጥ ያደግን ልጆች ሁላችንም የምንጋራው አንድ ሥራ ነበረን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ደረጃውን ከመውጣታችን በፊት፣ በመግቢያው ግድግዳ ላይ ከተደረደሩት ትናንሽ የብረት ሣጥኖች ፊት እንቆም ነበር። የሣጥኑ ቁልፍ ከቤቱ ቁልፍ ጋር በአንድ ክር ታስሮ አንገታችን ላይ ይንጠለጠላል። ከፍተን የመጣውን እናወጣለን፤ የሱቅ ማስታወቂያውን እዚያው እንጥላለን፤ መስኮት ያለውን ፖስታ ግን ይዘን እንወጣለን። እናታችን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትቀመጥና "እስቲ አንብቡልኝ፣ ምን ይላል?" ትላለች። ያን ጊዜ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነን። የቢቱዋሕ ሌኡሚን፣ የባንኩን፣ የዒሪያውን ደብዳቤ እያነበብን ያልገባንን ሁሉ እንደገባን አድርገን በአማርኛ እናስረዳ ነበር።

ስለዚህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ልጆች የፖስታ ሣጥን ተራ ነገር አይደለም። በቤታችንና በመንግሥት መካከል ያለ ትንሽ በር ነበር። በሩን የምንከፍተው ደግሞ እኛ ልጆቹ ነበርን።

ዩኒቨርሲቲ ገብተን ማኅበራዊ ሥራ መማር ከጀመርን በኋላ፣ አንድ ቀን ኢየሩሳሌም ውስጥ ስንሄድ ከመንገድ ዳር የቆመ ወፍራም ቀይ ሣጥን አየን። ላዩ ላይ ዘውድ ተቀርጾበታል፤ ከዘውዱ በታች የእንግሊዝኛ ፊደሎች አሉ። ሰው ሁሉ አጠገቡ ያልፋል፤ የሚያየው የለም። "ይህ ከየት መጣ? ለምን አልተነሣም?" ብለን ጠየቅን። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱን ስንፈልግ ግን መንገዱ ወደ ጎንደርና ወደ እናቶቻችን ሻንጣ ይዞን ሄደ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሣጥኑ እንዴት ተፈጠረ?

ዛሬ ደብዳቤን ሣጥን ውስጥ ጥሎ መሄድ ቀላል ነገር ይመስለናል። ይህ እንዲሆን ግን መጀመሪያ ሌላ ነገር መለወጥ ነበረበት፤ እርሱም ክፍያው ነው። በብሪታንያ በድሮ ጊዜ የደብዳቤውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ላኪው ሳይሆን ተቀባዩ ነበር። ዋጋውም እንደ ርቀቱና እንደ ወረቀቱ ብዛት ይለያያል። ስለዚህ ደብዳቤ ለመላክ ከሠራተኛ ፊት ቆሞ ማስቆጠር ያስፈልግ ነበር፤ ተቀባዩም ገንዘብ ከሌለው ደብዳቤው ተመልሶ ይሄዳል።

በ1840 ሮውላንድ ሂል የሚባል ሰው ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ሥርዓቱ ተለወጠ። በአገሩ ውስጥ ለሚላክ ቀላል ደብዳቤ ሁሉ አንድ ፔኒ ተቆረጠ፤ ላኪውም አስቀድሞ ከፍሎ ለክፍያው ምስክር የሚሆን ትንሽ ወረቀት ይለጥፋል። ቴምብር የሚባለው ነገር እንዲህ ተወለደ። ቴምብር ከመጣ በኋላ ላኪው ከሠራተኛ ጋር መገናኘት አላስፈለገውም፤ ደብዳቤው በራሱ ላይ ክፍያውን ይዞ ይጓዛል። የቀረው ነገር ቢኖር የሚጣልበት ቦታ ነው።

ይህን ቦታ ያሰበው በፖስታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ ነው። በእርሱ ሐሳብ የመጀመሪያዎቹ የመንገድ ሣጥኖች በ1852 በጀርዚ ደሴት ቆሙ፤ በዓመቱ ወደ እንግሊዝ ምድር ተሻገሩ። መጀመሪያ ብዙዎቹ አረንጓዴ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ነገር ግን ከአካባቢው ጋር ስለሚመሳሰሉ ሰው ለማግኘት ተቸገረ። ከ1874 ጀምሮ ከሩቅ እንዲታዩ ቀይ ተቀቡ። ዛሬ እኛ የምናውቀው ቀይ ቀለም የመጣው ከዚያ ነው።

ወደዚህ አገር እንዴት መጣ?

ሀደራ በ1891 ስትቆረቆር አገሩ በቱርክ በኦቶማን መንግሥት ሥር ነበር። የሀደራን መሬት የገዛው ይሆሹዓ ሀንኪን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ከሩሲያ ግዛት የመጡ አይሁድ ሲሆኑ መጀመሪያ የተጠጉት ዛሬ ሙዚየም በሆነው አሮጌ ካን ውስጥ ነበር። ዙሪያው ረግረግ ነበርና ብዙዎች በወባ አለቁ። ዘመዶቻቸው በሩቅ አገር ነበሩ። አዲስ አገር ለገባ ሰው ደብዳቤ ምን ማለት እንደሆነ የእኛ ወላጆች ከማንም በላይ ያውቁታል።

በዚያን ዘመን የኦቶማን ፖስታ ነበረ፤ ከእርሱ ጎን ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት የየራሳቸውን ፖስታ ቤት ከፍተው ነበር። እንደ ያፎ፣ ኢየሩሳሌምና ሃይፋ ባሉ ከተሞች ኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ሩሲያ፣ ጣሊያን ሁሉም የራሳቸው ፖስታ ነበራቸው። ይህን ያደርጉ የነበረው ካፒቱላሲዮን በሚባል ልዩ መብት ነው። የኦቶማን መንግሥት በ1914 ይህን መብት ሲሰርዝ የባዕድ ፖስታ ቤቶች ሁሉ ተዘጉ።

ብሪታንያ በዲሴምበር 1917 ኢየሩሳሌምን ያዘች። በፌብሩዋሪ 1918 ጦሩ የራሱን ቴምብር አወጣ፤ ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ብቻ ነበር። በ1920 ግን በቴምብሩ ላይ ዕብራይስጥ ተጨመረ። በኋላም የማንዳቱ ሰነድ 22ኛ አንቀጽ በቴምብርና በገንዘብ ላይ በዓረብኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ በዕብራይስጥ እንዲደገም አዘዘ። ቋንቋህ በቴምብር ላይ መታተሙ ትንሽ ነገር አይደለም። "አንተም እዚህ አለህ" ማለት ነው።

እንግሊዞቹ ከአገራቸው ሕግና ባቡር ብቻ አይደለም ያመጡት፤ የፖስታ ሣጥናቸውንም በመርከብ ጭነው አመጡ። እነዚህ በቀለጠ ብረት ተወርደው የተሠሩ ከባድ ሣጥኖች ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ ዓምድ መሬት ላይ ይተከላሉ፤ አንዳንዶቹ ግድግዳ ውስጥ ይገባሉ። ዛሬም ኢየሩሳሌም፣ ቴል አቪቭ-ያፎና ሃይፋ ውስጥ ከእነርሱ የተረፉ ይገኛሉ።

በ1948 የጸደይ ወራት እንግሊዞች ሲወጡ የፖስታ አገልግሎታቸውን ዘጉ። በሜይ 14 መንግሥት ታወጀ፤ በሜይ 16 የእስራኤል የመጀመሪያ ቴምብሮች ተሸጡ። በቴምብሮቹ ላይ "ዶአር ዒቭሪ"፣ የዕብራይስጥ ፖስታ ማለት ነው፣ ተብሎ ተጻፈ እንጂ "እስራኤል" አልተባለም፤ ምክንያቱም ሲታተሙ የአገሩ ስም ገና አልተወሰነም ነበር። ሣጥኖቹ ግን አልተነቀሉም። አዲሱ መንግሥት ገንዘብ አልነበረውም፤ ጦርነት ላይም ነበር። የንጉሡ ዘውድ ያለበት ሣጥን የአዲሱን መንግሥት ደብዳቤ መቀበል ቀጠለ። አየርላንድም በ1922 ነጻ ስትወጣ ተመሳሳይ ነገር አድርጋለች፤ ቀዩን ሣጥን አረንጓዴ ቀባችው እንጂ የእንግሊዙን ንጉሥ ፊደል ከብረቱ አልፋቀችም።

አሮጌ ሣጥን እንዴት ይነበባል?

የዕድሜ ጉዳይ ሲነሣ ሣጥኑ ራሱ ይመሰክራል። ምን ማየት እንዳለብን ካወቅን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር እናገኛለን።

አንደኛ፣ ዘውዱና ፊደሎቹ። የብሪታንያ ሣጥኖች ሲሠሩ በዙፋን ላይ የነበረውን ንጉሥ ወይም ንግሥት ስም መነሻ ፊደል ይይዛሉ። ከፊደሎቹ አንዱ አር ሲሆን "ሬክስ" ወይም "ሬጂና" የሚለውን የላቲን ቃል ያመለክታል፤ ንጉሥ ወይም ንግሥት ማለት ነው። ጂና አር ብቻ ካለ፣ ቁጥር ሳይኖረው፣ የ5ኛው ጆርጅ ነው፤ እርሱ የነገሠው ከ1910 እስከ 1936 ነው። በመካከሉ ስድስት ቁጥር ካለ የልጁ የ6ኛው ጆርጅ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ቁጥር የሌለው ጂ አር ያለበት ሣጥን ብታዩ፣ ከ1936 በኋላ የተቀረጸ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ የታችኛው ክፍል። ብረቱን ያቀለጠው ፋብሪካ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ ከመሬቱ አጠገብ ያስቀርጻል። አስፋልቱ ከፍ ካለ ግን ይህ ስም ተቀብሮ ይቀራል። የሣጥኑ እግር ምን ያህል እንደተቀበረ ማየት ራሱ መንገዱ ስንት ጊዜ እንደተደለደለ ይነግራል።

ሦስተኛ፣ ቀለሙ። ጫፉ ላይ የተላጠ ቦታ ካለ የቀለም ንብርብሮች እንደ ሽንኩርት ይታያሉ። ይህን ቀለም መፋቅ ታሪክን መፋቅ ስለሆነ እባካችሁ አትንኩት።

አራተኛ፣ የደብዳቤ መግቢያውና በሩ። ከመግቢያው አጠገብ ደብዳቤ የሚነሣበት ሰዓት የሚጻፍበት ሰሌዳ ይኖራል። በሩ የሚከፈተው በፖስታ ሠራተኛው ቁልፍ ብቻ ነው። ከሣጥኑ የገባ ነገር ከእጅ ከወጣ በኋላ አደራ ነው።

አምስተኛ፣ የእስራኤል ምልክት። የእስራኤል ፖስታ ዓርማ የሚዘል ዋላ ነው። መነሻው ኦሪት ዘፍጥረት 49 ላይ ያዕቆብ ልጆቹን ሲመርቅ ንፍታሌምን ከተፈታች ዋላና ከመልካም ቃል ጋር ያያዘበት ቦታ ነው። ፈጣን እግርና መልካም ቃል፤ ለፖስታ ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም። ቀለሙንም ልብ በሉ፦ በእስራኤል ቢጫው ሣጥን ለዚያው ከተማ ደብዳቤ፣ ቀዩ ደግሞ ለሌላ ከተማና ለውጭ አገር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ደብዳቤ ቀዩ ውስጥ ነው የሚገባው። ብዙ ወላጆቻችን ማንበብ ባይችሉም ይህን በቀለም ያውቁ ነበር።

በኢትዮጵያስ?

በኢትዮጵያ ደብዳቤ የቆየ ነገር ነው። ፖስታ ቤት ከመምጣቱ በፊት መኳንንቱ መልእክተኛ ይልኩ ነበር፤ መልእክተኛውም ደብዳቤውን ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ላይ ሰክቶ፣ ሁሉም እንዲያየውና እንዳይነካው አድርጎ ይሄዳል። ዘመናዊ ፖስታ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች ፓሪስ ታተሙ፤ በአራቱ ላይ የምኒልክ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። ጽሑፋቸው በአማርኛ ነው። ኢትዮጵያ በኖቬምበር 1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣው ደብዳቤ ፈጠነ።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በኢትዮጵያ ፖስተኛ ቤት ለቤት እየዞረ ደብዳቤ አያድልም። ደብዳቤ የሚመጣው ፖስታ ቤቱ ውስጥ ወዳለ የተከራየ ሣጥን ነው። በአድራሻ ላይ "ፖ.ሣ.ቁ." ተብሎ የሚጻፈው ይህ ነው፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ማለት ነው። የራሱ ሣጥን ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሌላው በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በሚያውቀው ነጋዴ ሣጥን "በእከሌ በኩል" ብሎ ያስልካል። ከጎንደር ከተማ ርቆ በገጠር ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ ደብዳቤው ከሣጥኑ ወጥቶ በገበያ ቀን በሰው እጅ መሄድ አለበት። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ እስኪደርስ ስንት ሰው አደራ ይቀበላል!

ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚያመጣም የኢትዮጵያ ታሪክ ያስተምራል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነት ይፈልጉ ነበር። ደብዳቤው በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን በኩል ተልኮ በ1863 ለንደን ደረሰ፤ እዚያም ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተቀመጠ፤ መልስም አልተሰጠበትም። ንጉሡ እንደተናቁ ቆጠሩት፤ ቆንስሉንና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። ብሪታንያ በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ላከች፤ በኤፕሪል 1868 መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። የጦርነቱ ምክንያት ይህ ብቻ ነው አይባልም፤ ነገር ግን ያ መልስ ያጣ ደብዳቤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው ነው። በዚያው ዘመን በለንደን ጎዳና የንግሥቲቱ ስም የተቀረጸባቸው ሣጥኖች ቆመው የማንንም ተራ ሰው ደብዳቤ ይቀበሉ ነበር።

መርዶ በፖስታ አይነገርም

ወላጆቻችን ወደ እስራኤል ሲመጡ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አልመጣም። በሱዳን በኩል የመጡት በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ ገቡ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከአዲስ አበባ መጡ። ያም ሆኖ ብዙ ቤት ተከፍሎ ቀረ፤ እናት እዚህ፣ እኅት እዚያ። በመካከላቸው የነበረው ደብዳቤና ካሴት ነው። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት ካሴት ላይ ድምፃቸውን ቀርጸው ይልኩ ነበር፤ ወይም ለሚጽፍ ሰው ይናገራሉ፣ እርሱ ይጽፋል።

የእነዚያ ደብዳቤዎች አጻጻፍ የታወቀ ነው። "ይድረስ ለውድ እኅቴ" ብለው ይጀምራሉ። ጤና ይጠይቃሉ። ከዚያ "እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፣ የእስራኤል አምላክ ይመስገን" ይላሉ። ቀጥሎ የሰላምታው ተራ ይመጣል፤ ስም በስም፣ ከአያት እስከ ሕፃን። ጉዳዩ የሚነገረው መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ነው። ልጆች ሳለን ይህ ሁሉ ሰላምታ ይሰለቸን ነበር። አሁን ስናየው ግን ሰላምታው ራሱ ወሬው ነበር። ማን እንደተጠቀሰና ማን እንደቀረ እናታችን ትቆጥር ነበርና።

በባህላችን መርዶ በፖስታ አይነገርም። ሰው ሲሞት ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይሆን አስበው፣ ማለዳ ሄደው ያረዳሉ። ስለዚህ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ሞትን ይሸሽጋል፤ "ሁላችንም ደህና ነን" ይላል። እናታችን አንድ ጊዜ በተከታታይ በመጡ ሁለት ደብዳቤዎች የታላቅ ወንድሟን ስም አጣች። ምንም አልተናገረችም። ደብዳቤውን አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። ከወራት በኋላ ሽማግሌዎቹ በማለዳ በራችንን ሲያንኳኩ፣ ከማንም በፊት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ነበር።

በዚህ አገር ግን ከባድ ወሬ የሚመጣው በመስኮት ባለው ፖስታ ነው። ዕዳ፣ የድጎማ መቋረጥ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ የሕክምና ውጤት፤ ሰላምታ የለውም፣ ሽማግሌ የለውም፣ "እንዴት ናችሁ?" የለውም። በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። ያንን ለእናቷ የምታነበው ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ውስጥ ልጅ የወላጁን ሸክም ሲሸከም የሚሰጠውን ስም ስንማር፣ ክፍሉ ውስጥ እኛ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እርስ በርስ ተያየን። ስሙን አናውቀውም እንጂ ነገሩን እናውቀው ነበር።

በልምምድ ላይ ሳለን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አገኘን። የሚያገኙት ቅናሽ ተቋርጦ ነበር። ምክንያቱን ስንፈልግ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ፎርም እንዲሞሉ ጽፎላቸው መልስ ስላጣ መሆኑ ታወቀ። "ደብዳቤ አልደረሰዎትም ወይ?" ብለን ጠየቅናቸው። ከመሳቢያው ውስጥ በፌስታል የታሰሩ ፖስታዎች አወጡ፤ አብዛኞቹ አልተከፈቱም። "ልጄ፣ ልጆቼ ሥራ ላይ ናቸው፣ ስንቱን ላስቸግራቸው? ደግሞም ክፉ ነገር ከሆነ ሰው መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ነው" አሉን። ስህተት ነው አልን፤ በልባችን ግን ትክክል ናቸው አልን። እርሳቸው የሚያውቁት ሥርዓት ክፉ ወሬ በሰው የሚመጣበት ነው። ቅናሹ በይግባኝ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ሰው ቤታቸው ስለሄደ ነው።

ሣጥኖቹን የሚጠብቅ ማን ነው?

ወደ ብረቱ ሣጥን እንመለስ። ሕጉ ምን ይላል? በ1978 የወጣው የእስራኤል የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ በቀጥታ የሚጠብቀው ከ1700 በፊት የተሠራን ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነገር ጥንታዊ ቅርስ የሚሆነው ሚኒስትሩ ታሪካዊ ዋጋ አለው ብሎ ካወጀው ብቻ ነው። የማንዳቱ ዘመን ሣጥን መቶ ዓመት ቢሞላው እንኳ በዚህ ሕግ ዓይን ገና ልጅ ነው።

ለቅርብ ዘመን ቅርስ ያለው ሌላ መንገድ ነው። በ1991 በፕላንና ግንባታ ሕግ ላይ የተጨመረው አራተኛ ተጨማሪ ክፍል በየአካባቢው የጥበቃ ኮሚቴ እንዲኖርና የሚጠበቁ ቦታዎች ዝርዝር እንዲዘጋጅ ያዛል። ከዚህ ሌላ በ1984 የተመሠረተው የእስራኤል የቅርስ ቦታዎች ጥበቃ ማኅበር አለ። ቴል አቪቭ ባለው የእስራኤል ምድር ሙዚየም ውስጥም የፖስታ ታሪክና የቴምብር ክፍል አለ፤ አዲስ አበባም ዋናው ፖስታ ቤት ዘንድ የፖስታ ሙዚየም አለ።

በዝርዝር ውስጥ የሚገባው ነገር ግን ሰው የጠየቀለት ነገር ነው። ካን ሙዚየም የሆነው፣ ሀደራ የመሥራቾቿን ታሪክ የያዘችው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስለጠየቁ ነው። የእኛ ታሪክ በሀደራ ከአርባ ዓመት ወዲህ ነው። የእኛን ደግሞ እኛ ካልጠየቅንለት ማን ይጠይቅለታል?

ምን እናድርግ?

አሮጌ ሣጥን ካያችሁ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሡት፤ ዘውዱን፣ ፊደሉን፣ የታችኛውን የፋብሪካ ስም፣ የመንገዱን ስም መዝግቡ። ቀለሙን አትፋቁ፣ አትቀቡ። መንገድ ሲቆፈር ሊነቀል እንደሆነ ካያችሁ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት በ106 ደውሉ፤ ለቅርስ ጥበቃ ማኅበሩም አሳውቁ።

ቤታችሁ ያለውን ደግሞ ዛሬውኑ ጀምሩ። የደብዳቤዎቹን ሻንጣ ከእናታችሁ ጋር ሆናችሁ ክፈቱ፤ ያለ ፈቃዷ ግን አይሆንም። ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚይዝ ከፌስታል አውጥታችሁ በካርቶን ወይም በወረቀት ፖስታ ውስጥ አስቀምጡ። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋል። ቴምብሩን አትላጡ፤ በላዩ ያለው ማኅተም ቀኑንና ከተማውን ይነግራል። ከጀርባው በእርሳስ ብቻ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ጻፉ። በስልክ ፎቶ አንሡ። ከሁሉም በላይ፣ እናታችሁ ወይም አባታችሁ ደብዳቤውን ጮክ ብለው ሲያነቡ ድምፃቸውን ቅዱ። ብዙዎቻችን አማርኛ እንሰማለን እንጂ አናነብም፤ አንባቢው ሲያልፍ ወረቀቱ ለእኛ ዝም ይላል። ካሴት ካለ ደግሞ ቴፑ ሳይበላሽ ወደ ኮምፒውተር አስቀዱት። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይባላል፤ ለመውረስ ግን ማንበብ የሚችል ወራሽ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሥራ ለጎረቤት ነው። በየሕንጻው ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎች አሉ። በሳምንት አንድ ቀን አንኳኩና "ዛሬ ከዶአር የመጣ አለ ወይ?" በሏቸው። ከፍታችሁ ከማንበባችሁ በፊት ቁጭ በሉ፤ ጤናቸውን ጠይቁ፤ ቡና ካፈሉ ጠጡ። ቀጥሎ በደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን እዩ፤ ይግባኝ የሚባልበት የመጨረሻ ቀን ካለ በትልቁ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። የተመዘገበ ደብዳቤ ማስታወቂያ ካለ አብራችኋቸው ፖስታ ቤት ሂዱ። ለትንሽ ልጅ ግን አትተዉት፤ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ይጫወት።

ቀዩ ሣጥን አሁንም ኢየሩሳሌም ውስጥ ቆሟል። ባለፈው ወር ስናልፍ ከእኛ ጋር የነበረችው እናታችን ቆም ብላ ዘውዱን በእጇ ዳሰሰችው። "ይህ ነው እንዴ ያላችሁኝ? ወፍራም ነው። ደህና አደራ ይጠብቃል" አለች። ሀደራ ስንመለስ ሻንጣዋን ራሷ አውርዳ አልጋው ላይ አስቀመጠችውና ከላይ ያለውን ፖስታ አነሣች። የወንድሟ ስም ያልነበረበት ደብዳቤ ነው። ስልካችንን አጠገቧ አስቀምጠን መቅጃውን ከፈትን። እርሷም "ይድረስ ለውድ እኅቴ" ብላ ጀመረች።